ጥልፍ የለበሰው ማቀዝቀዣ

ከበቡሽ በርከክ ብላ የላምባውን ክር ትከረክማለች። ከማቀዝቀዣው ሆድ የሳበችውን ትንሽ ምድጃ በግራ እጇ ይዛ፣ ፋሻ በምትቆርጥበት መቀስ የክሩን የጠቆረ ጫፍ ጠጉር እንደሚያስተካክል ሰው ቀስ እያለች ታነሳለታለች። ክሩ ባንድ ጎኑ ከፍ ካለ ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ያጨሳል። እኩል ሲከረከም ግን ልክ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ ይነዳል። ደብረ ሲና፣ የአባቷ ማሳ ጫፍ ላይ ተልባ ይዘራ ስለነበር፣ በየማለዳው ያን ሰማያዊ ባየች ቁጥር ደስ ይላታል።

ያን ቀንም ሰማያዊው መጣ። ምድጃውን መልሳ ገፋችውና በሩን ከፍታ ቴርሞሜትሩን አየች። ቀዩ መስመር ትናንት ከነበረበት ከፍ ብሏል። በሩን ዘጋችው፤ ወዲያው ደግሞ የተሳሳተች እንደሆነ ብላ ከፈተችው። አልተሳሳተችም።

ዘመኑ የደርግ ጊዜ፣ ስልሳዎቹ አልፈው ሰባዎቹ የገቡበት ነው። ክሊኒኩ በሸዋ ሮቢት ዳር፣ ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ የተሠራ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበር። ኃላፊው ከወር እስከ ወር ስብሰባና ሴሚናር ስለማይለቀው ሥራው ሁሉ በከበቡሽ ላይ ወድቋል። ከበቡሽ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ፣ ሆስፒታል በአንሶላ አጣቢነት ገብታ፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት እዚያው ተምራ ድሬሰር የሆነች ሴት ናት። ቆላ ስትመደብ እናቷ «ወባ ይበላሻል» ብላ አልቅሳ ነበር። ወባው አልበላትም፤ ሙቀቱ ግን ዓመቱን ሁሉ አልተለማመዳትም። እሷም ቀን ላይ ሰው ሲጠፋ ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ እያበሰች መስኮት ሥር ተቀምጣ ትጠልፋለች።

ዓይን አፋር ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች። የአገሩ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። በመጀመሪያው ቀን «ሲስተር እንኳ አይደለሁም፤ ድሬሰር ነኝ» ልትል አስባ ነበር፤ ነገር ግን የጠሯት አሮጊት ሴት ነበሩና ማረሙ ድፍረት መሰላት። በሁለተኛው ቀን ደግሞ «ትናንት ለምን ዝም አልሽ?» የሚሏት መሰላት። በሦስተኛው ቀን ነገሩ አለፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ እሷም በጠሯት ቁጥር ጆሮዋ ሥር ትንሽ ይሞቃታል።

ማቀዝቀዣው የመጣው የሕፃናት ክትባት በተጀመረ ጊዜ ነው። ነጭ፣ እስከ ደረት የሚደርስ፣ መብራት ሳይፈልግ በላምባ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከእንጨት መቆሚያ ጋር ከጭነት መኪና ሲወርድ የክሊኒኩ ዘበኛ ጋሼ አደም መቆሚያውን ገና ሲያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄን ምስጥ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል» አሉ።

ጋሼ አደም የይፋት ተወላጅ ናቸው። በዚያ አገር የአልጋ እግር፣ የሣጥን እግር፣ የእህል ማስቀመጫው ቆጥ እግር ሁሉ አመድ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቆማል፤ አለዚያ ምስጡ ከመሬት ወጥቶ እንጨቱን ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ይተወዋል። ስለዚህ ጋሼ አደም ከእርዳታ ዱቄት ወተት የተረፉ አራት ጣሳዎች ፈልገው፣ አመድ ሞልተው፣ አራቱን እግር አራቱ ውስጥ አቆሟቸው። አመዱ ሲጎድል ይጨምራሉ። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከለከላቸውም። በዚያ ቤት እንጨት ቆሞ ጣሳ ባይለብስ ነበር የሚገርመው።

ከበቡሽን ያስቀየማት የጣሳዎቹ መልክ ነው። ዝገዋል፤ አመዱም ወለሉ ላይ ይበተናል። ከደብረ ብርሃን ጎብኚ ይመጣል ሲባል፣ ነጭ አቡጀዲ ቆርጣ፣ ታች ጠርዙን በአረንጓዴና በቀይ ክር የወይን ሐረግ ጠልፋ፣ መቆሚያውን ዙሪያውን እንደ ቀሚስ አለበሰችው። ላዩን በትንንሽ ሚስማር መታችው። ጎብኚው ገብቶ ሲያየው «እንዴ፣ ሙሽራ አስቀምጣችኋል» አለ። ያ ቃል ለከበቡሽ ብዙ ቀን ስንቅ ሆናት። ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚነካው ሰው የለም፤ ጋሼ አደም ብቻ በጎን በኩል በከዘራቸው ጫፍ ገለጥ እያደረጉ አመድ ያፈሳሉ።

እንግዲህ ግንቦት ገብቶ፣ መሬቱ ምጣድ በሆነበት ሰሞን ነው ቀዩ መስመር መውጣት የጀመረው። ክሩን ቀየረች። የጭሱን ቱቦ በጨርቅ ጠረገች። ላምባውን አጥልላ ሞላች። ምንም ለውጥ የለም። ውስጥ ያለው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ ሙቀት ካገኘው መልኩ ሳይለወጥ ውስጡ ይሞታል። ዓይቶ መለየት አይቻልም። ባለፈው ዓመት ኩፍኝ በወንዙ ማዶ መንደሮች ገብቶ ስንት እናት ባዶ ጀርባዋን ይዛ እንደቀረች ከበቡሽ ታውቃለች።

ስልክ ቤት ሄደች።

የሸዋ ሮቢት ስልክ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። የመነጋገሪያዋ ሣጥን በር ለሙቀቱ ተብሎ ስለተነቀለ፣ የሚነጋገር ሰው ምስጢሩን ወረፋ ከሚጠብቀው ሁሉ ጋር ይካፈላል። ስልኩን የምታገናኘው እቴነሽ ደግሞ መስመሩ ሲደክም የሰውን ቃል ተቀብላ በራሷ ጉሮሮ ታደርስለታለች።

«አዲስ አበባ፤ ማቀዝቀዣ የሚያስመጣው ድርጅት፣ ጥገና ክፍል» አለች ከበቡሽ።

«ጮክ ይበሉ እንጂ ሲስተር፤ እዚህ የተቀመጥኩት እኔ እንኳ አልሰማሁዎት» አለች እቴነሽ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት አነሳችና «የጥገና ሰዎች የውይይት ክበብ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይደውሉ» አለቻት። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። በማግስቱ አንድ ወንድ አነሳ።

«ሶኬቱ በደንብ ተሰክቷል?» አላት፣ ገና ነገሯን ሳትጨርስ።

«በመብራት አይደለም የሚሠራው። በላምባ ነው።»

«በምን?»

«በላምባ።»

«በላምባ ይላሉ፤ በላምባ» ብላ እቴነሽ ከጠረጴዛዋ አስተጋባችላት።

ሰውየው «የላምባው የኔ ክፍል አይደለም፤ ይጠብቁ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ከበቡሽ ጠበቀች። የሰው ኮቴ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የሆነ ሰው ሳቅ ይሰማታል። ወደ እሷ የመጣ ግን የለም፤ መስመሩም ተቆረጠ። ቀጥሎ ያነሳው ሌላ ሰው ነገሩን ሁሉ ከሥር አስጀምሮ ካስነገራት በኋላ «ቁጥሩስ? ከኋላው ብረት ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ያለ እሱ ምንም ልልዎት አልችልም» አላት። ወረፋዋን ትታ፣ በዚያ ፀሐይ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገብታ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጽፋ ስትመለስ በላብ ግማሹ ጠፍቶ ነበር።

ሰልፉ ላይ ጋሼ አስፋው የሚባሉ የሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ፤ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው።

«ሲስተር» አሉ ስትገባ አይተው፤ «ለአዲስ አበባ ከሚደውሉ ለእግዜር ቢደውሉ አይሻልም? ብርዱን የሚልከው እሱ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ከበቡሽም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የሳቀች መሰለች።

በዚህ ጊዜ ነው አቶ ፀጋዬ የተባለውን ያገኘችው። ድምፁ የደከመ፣ ግን የማይቆጣ ሰው ነው። «ቁጥሩ ይቆየን እህቴ፤ ቀስ ብለን እንሂድ» አላት። ነበልባሉ ምን መልክ እንዳለው ጠየቃት፤ ሰማያዊ ነው አለችው። ክሩ ተከርክሟል ወይ? ተከርክሟል። የጭሱ ቱቦ ተጠርጓል ወይ? ተጠርጓል።

«ጎበዝ። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው? ይኼ ዕቃ ትንሽ ካዘመመ አይቀዘቅዝም። ላዩ ላይ በብርጭቆ ውኃ አስቀምጠው አይተውታል?»

ከበቡሽ አላየችም። ሊሆን ይችላል ብላ አስባውም አታውቅም። «ቆይ ሄጄ ልይ» ለማለት አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ጋሼ አስፋው «አሁን ደግሞ ለምን ሊልኳት ነው?» ሲሉ ሰማች። አንዲት ሴት በረጅሙ ተነፈሰች። ዕቃውን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ቀሚስ የሰፋችለት እሷ ናት፤ ቀጥ ብሎ ይሁን ዘመም ብሎ አላውቅም ብትል ምን ይሏታል?

«አይቻለሁ» አለች። «ልክ ነው።»

«ውኃው ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«እንግዲያው አየር ይዞት ይሆናል። ላምባውን አውጡና በአናቱ ዘቅዝቁት።»

«ማንን?»

«ማቀዝቀዣውን። ተዘቅዝቆ ይዋል ይደር። ከዚያ መልሳችሁ አቁሙትና ለኩሱት፤ ይነሳል።»

«ዘቅዝቁት አሉ፤ በአናቱ» አለች እቴነሽ፣ መስመሩ ደክሞ ነበርና ከበቡሽ ያልሰማች መስሏት።

«እንደ ዶሮ?» አሉ ጋሼ አስፋው።

ክሊኒክ ስትደርስ ብርጭቆውን አልረሳችውም። መጀመሪያ እሱን ልይ ብላ ነበር። ነገር ግን ጋሼ አደም ማቀዝቀዣው ይዘቀዘቃል የሚለውን ሲሰሙ ወዲያው ጆንያ አንጥፈው፣ ከመንገድ ሁለት ሰው ጠርተው «ቢስሚላህ» ብለው አነሱት። ብርጭቆውን አሁን ብታወጣ «እዚያ አይቻለሁ ብዬ ነግሬያቸው የለም ወይ» የሚል ጥያቄ ከራሷ ይመጣባታል። ተወችው። ማቀዝቀዣው በአናቱ ቆሞ፣ አራት ጎማ መሰል እግሩ ወደ ጣራው ሲያይ፣ ጋሼ አደም አገጫቸውን ይዘው ቆመው አዩት።

«እትዬ፣ ያስመልሰው ይሆን?» አሉ።

ክትባቱን በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ አኖረችው። በቆላ የመጠጥ ውኃ እንዲህ ይቀዘቅዛል። ለውኃ ይበቃል፤ ለክትባት እንደማይበቃ ቴርሞሜትሩ ነገራት። በማግስቱ ደግሞ ገበያ ነበር።

በገበያ ቀን እናቶች ከየመንደሩ ይወርዳሉ። ከእነሱ አንዷ ከዲጃ ናት፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ካለ መንደር የመጣች። ያለፈው ዓመት ኩፍኝ የመጀመሪያ ልጇን ወስዶባታል። ባሏ አሊዪ መርፌ አይወድም፤ የጎረቤቱ ልጅ የገበያ መርፌ ወጊ ወግቶት ጭኑ መግል ቋጥሮ ነበርና። ከበቡሽ እዚያ መንደር ድረስ ሄዳ፣ እሷ ያ ሁሉ ዓይን አፋርነቷ የት እንደገባ ሳታውቅ፣ ግራሩ ሥር ከተቀመጡት ወንዶች ፊት «በእኔ ይሁን። ይህን ከወጋሁት ኩፍኝ ልጅዎን አይነካውም» ብላው ነበር። እሱም ብዙ ካሰበ በኋላ «ቃል ነው» አለ። እሷም «ቃል ነው» አለች።

ከዲጃ ልጇን አዝላ፣ በቅል ወተት ይዛ ገባች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል።

«ይቺ ናት» አለች ለሌሎቹ ሴቶች። «የነገርኳችሁ ሲስተር ይቺ ናት። እጇ አይከብድም።»

ከበቡሽ እንስራው አጠገብ ቆማለች። «በሚቀጥለው ገበያ ተመለሱ፤ ዕቃዬ ተበላሽቷል» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የከዲጃን እግር አየች። ወተቱን አየች። ‹ጥቂት ቀን ነው የሞቀው፤ ምናልባት አልሞተ ይሆናል፤ አቶ ፀጋዬም ይነሳል ብሏል› አለች በልቧ። አቶ ፀጋዬ ይነሳል ያለው ማቀዝቀዣውን እንጂ ክትባቱን እንዳልሆነ ታውቀዋለች። መርፌውን ቀቅላ ነበር። ወጋች። የከዲጃ ልጅ ጥቂት አለቀሰና ዝም አለ፤ ከእሱ ቀጥሎም የሌሎቹን ወጋች።

ማቀዝቀዣው ቀና ብሎ መቆሚያው ላይ ሲመለስ ግማሽ ቀን ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ቀዩ መስመር እንደገና ወጣ። ስትደውል አቶ ፀጋዬ መስክ ወጥቷል ተባለች። ያነሳው ሰው «አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ያንብቡ» አላት። መጽሐፉ በፈረንጅ ቋንቋ ነው፤ ከበቡሽ የምትረዳው ሥዕሉን ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ ጠጉሯ ቢጫ የሆነ ሴትዮ ጠርሙስ ስትደረድር ትስቃለች። ሌላ ቀን ሌላ ሰው «ዘቅዝቃችሁ ነበር?» አላት። «አዎ» ስትለው «እንግዲያው ድገሙት» አለ። ደገሙት። አሁንማ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ በመስኮት ብቅ እያለ ያየው ጀመር። ጋሼ አስፋው ጭምር መጥተው አይተው «ይኼስ የሚጸልይ ነው የሚመስለው» ብለው ሄዱ። ከበቡሽ በዚህ ጊዜ ሁሉ ለአንድም ሰው ክትባት አልወጋችም። ለሚመጣው ሁሉ «መድኃኒቱ አልቋል» ትላለች።

በመጨረሻ «መኪና ሲገኝ ባለሙያ እንልካለን» ተባለች። ባለሙያው በድርጅቱ መኪና አይደለም የመጣው። ወደ አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ተጭኖ፣ በአቧራ ነጥቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አቅፎ ወረደ። አቶ ፀጋዬ ራሱ ነው። ድምፁ ትልቅ ሰው ያስመስለው እንጂ ገና ጎልማሳ ነበር።

ውኃ ሰጠችው። ጠጣና ብርጭቆውን አልመለሰላትም። ከመጠጥ ውኃው እንስራ ደግሞ ግማሽ ድረስ ቀድቶ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዶ፣ አናቱ ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ። ከበቡሽ ከቆመችበት ሆና ታየዋለች፤ ውኃው ወደ ግድግዳው በኩል ባለው ጠርዝ ከፍ፣ ወዲህ ደግሞ ዝቅ ብሏል። ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። ተንበረከከና ጥልፉን በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይህን ላንሳው?» አላት በትሕትና።

«ያንሱት» አለች።

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ሦስቱ ጣሳ በሥርዓቱ ቆሟል። በግድግዳው ጥግ ያለው ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ምስጡ ከግድግዳው በኩል የጭቃ መንገዱን ሠርቶ፣ በጣሳው ጠርዝ ተሻግሮ፣ እግሩን ከውስጥ በልቶታል። የቀረውም እንጨት በየጊዜው በሚጨመረው አመድ ውስጥ እየሰመጠ ወርዷል። የሰመጠው የአውራ ጣት ያህል ቢሆን ነው።

አቶ ፀጋዬ «ሲስተር፣ በስልክ ጠይቄዎት ነበር» ብቻ አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። አንገቷን ደፋች። ያኔ ጋሼ አደም ከበሩ ሆነው ተናገሩ።

«የኔ ጥፋት ነው ጌታዬ። አመዱን የምጨምረው እኔ ነኝ። እትዬ ምን ታድርግ፤ እሷ የጠለፈችው ላዩን ነው።»

ሽማግሌው ሸክሙን ሲያነሱላት ‹አይደለም፤ አየሁ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ› ማለት ነበረባት። አላለችም። አቶ ፀጋዬ አንዴ ጋሼ አደምን፣ አንዴ እሷን አየና እጅጌውን ሰበሰበ። ከወንዙ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋዮች አስመጥቶ፣ የእንጨቱን መቆሚያ አስወጥቶ፣ ማቀዝቀዣውን በድንጋዩ ላይ አቆመው። ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። ለኩሶት፣ ከሚመለስ መኪና ጋር ሄደ። በማለዳ ቀዩ መስመር ወርዶ ወርዶ ከታች ተቀምጦ ነበር። ጥልፏን አጥባ አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው።

አዲስ ክትባት ከደብረ ብርሃን በበረዶ ሣጥን መጣ። በዚያ ገበያ የተወጉት ሕፃናት እንደገና መወጋት እንዳለባቸው ማንም አላዘዛትም፤ መሞቁንም የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። የምታውቀው እሷ ናት። በገበያ ቀን ያን ጊዜ ያስወጉትን እናቶች አንድ በአንድ ጎን ጠርታ፣ ሌሊት የተለማመደችውን ቃል ነገረቻቸው። «ያለፈው መድኃኒት ሙቀት አግኝቶት ነበር። ድጋሚ ልውጋልሽ።» አንዷ ተቆጣች፤ «ታዲያ ያን ቀን በከንቱ አስለቀስሽው?» አለቻት። ከዚያም ፊቷን እንዳጠቆረች የልጇን ክንድ ገለጠች። ሌሎቹ እሺ ብለው ብቻ ልጃቸውን አዞሩላት። ከፈራችው ቀለለ። ማምሻውን የቀረው የከዲጃ ልጅ ብቻ ነበር፤ ከዲጃ አንዴ አስወግታ ጨርሳለችና ለመምጣት ምክንያት የላትም።

«እኔ ሄጄ ልንገራቸው፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ ጋሼ አደም።

«አይ፣ ይኼ የኔ ነው» አለች። ጋሼ አደም ሌላ እንዲሸከሙላት አልፈለገችም።

በጠዋት የክትባቱን ሣጥን በበረዶ ሞልታ፣ በትከሻዋ አንጠልጥላ ሮቢ ወንዝን ተሻገረች። የማሽላው ማሳ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ለአሊዪና ለከዲጃ የምትለውን እያሰበች ትሄዳለች። ‹ቃሌን አላበልኩም፤ ዕቃው ነው› ልትል አሰበች፤ ይህም ሐሰት ሆነባት። ‹እያወቅሁ ነው የወጋሁት› የሚለውን ሞከረችው፤ ይህኛው ከአፏ አልወጣ አለ። ከገደሉ ሥር የመንደሩ ጎጆዎች መታየት ሲጀምሩ አሊዪ ራሱ ግመሉን እየሳበ ብቅ አለ።

«ሲስተር፤ እንዴት አደሩ? ወገን ዘመድ ደህና? እናትዎ ደህና?» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሰላምታውን እስኪጨርስ ግመሉ ቁጥቋጦ መቀንጠብ ጀመረ።

«አልሐምዱሊላህ፤ ሁሉም ደህና» አለችው እሷም በአገሩ ወግ። «ልጁስ?»

«ምን ሆኖ። ወፍሯል፤ እናቱ አልችለው ብላለች።» ሳቀ። «ጁምዓ ዕለት ለመንደሩ ሰው ነገርኳቸው። ‹እኔ ከሁላችሁ በላይ መርፌ የምጠላ ነበርኩ፤ ያቺ ሴት ግን ቃሏ ቃል ነው› አልኳቸው። ወላሂ፣ በሚመጣው ገበያ ሁሉም ልጁን ይዞ ይወርዳል። እኔን አምነው ነው።»

ከበቡሽ የሣጥኑን ማንገቻ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው። ይህን ሰው አሁን ‹ያ መርፌ ውኃ ነበር› ብትለው፣ እሱ ለመንደሩ ምን ይላል? መንደሩስ ይወርዳል? እንዲህ ብላ አሰበች፤ አሳቡም ደግ መሰላት። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የዚህ ሰው ፊት ሲለወጥ ማየቱን አልቻለችም።

«ታዲያ ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?» አላት።

«አንዲት የታመመች ሴት ነበረች፤ እዚህ ማዶ» አለች። «ደህና ሆናለች አሉኝ። ልመለስ ነው።»

«እቤት ሳይገቡ? ከዲጃ ብትሰማ ትቀየመኛለች።»

«ሌላ ቀን እመጣለሁ። ሰላም በሉልኝ።»

እስከ ወንዙ ድረስ ሸኛት፤ ሣጥኗን ጭምር ግመሉ ላይ ሰቀለላት።

«አገኟቸው?» አሉ ጋሼ አደም ክሊኒኩ በር ላይ።

«አላገኘኋቸውም።»

«ነገ በጊዜ ይውጡ እንግዲያ።»

«ነገ» አለች።

በማግስቱ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት መጣች፤ አልሄደችም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እሑድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። በገበያ ቀን የአሊዪ መንደር ሰዎች እውነትም ወረዱ፤ ከፊት ከፊት የምትመራቸው ከዲጃ ናት። ልጇን እንዳዘለች ሴቶቹን በሰልፍ አስቀመጠች፤ የፈራችውን ታጽናናለች፤ ሕፃን ትይዛለች። ከበቡሽ ሁሉንም ወጋች። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠርሙሱ ውስጥም ለአንድ ልጅ የሚሆን ተርፎ ነበር።

«የሱንም እስቲ ልየው» አለች ከበቡሽ፣ የከዲጃን ልጅ እግር ያዝ አድርጋ።

«እሱማ የራሱን ወስዷል» አለች ከዲጃ ለሴቶቹ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሲስተር ራሷ ናት የወጋችው።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ከበቡሽ ዞሩ። እሷም የሕፃኑን እግር ለቀቀችና «ወፍሯል» አለች።

እስከ በሩ ሸኘቻት። ለብቻዋ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ይህንንም በየሳምንቱ ትለው ነበር፤ አንዴ ዝናቡ፣ አንዴ የወንዙ ሙላት፣ አንዴ የሰው ብዛት እያለ። ክረምቱ አልፎ ማሽላው አፍርቶ፣ ወደ ሌላ ክሊኒክ የመዛወሪያ ወረቀቷ መጣ። ወንዙን ተሻግሮ እስከ አሊዪ ደጅ የሚያደርሰውን መንገድ ግን እሱን ከነግመሉ ካገኘችበት ቀን ወዲህ አልሄደችበትም።